አንቀልባ የያዘ አባት

በደላንታ ወንድ ጆንያ እህል ተሸክሞ ገበያ ቢወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ ብቅ ካለ ግን ቡና የሚጠጡት ሴቶች ሲኒያቸውን አስቀምጠው ያዩታል። እኔ ወገል ጤና የምኖር አስተማሪና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ሦስተኛዋን ልጃችንን ወልዳ ፈቃዷ ሲያልቅ እሷ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ሥራ እየገባን ቤቱን በፈረቃ ተካፈልነው። ሞግዚት ለመቅጠር አቅሙም ሰውም አልነበረም፤ አያቶቻቸው ሩቅ ናቸው። ስለዚህ አንቀልባውን አነሣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን፣ አሮጊት ናቸው፣ በር ላይ አግኝተውኝ «ምነው መምህር፣ ሚስትህ ታማለች እንዴ?» አሉኝ።

«ደኅና ናት እማማ። ሥራ ሄዳ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና «አንቀልባው ላልቷል፤ ልጅቷ ወደ ታች ወርዳለች። ና ላጥብቅልህ» ብለው ጠፍሩን ሳብ አድርገው አሰሩልኝ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ዓይን ብዙም አልከበደኝም። ወንዱን ከአንቀልባ የሚያርቀው የሴቶቹ ሳቅ ነው ይባላል እንጂ፣ እኔ እንዳየሁት ሴቶቹ የሚስቁት አስተሳሰሩን ስለማናውቅበት ነው።

ሕጉም ቢሆን ለአባት ብዙ አላሰበም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚፈቅደው 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። በ3 ቀን ውስጥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ጠያቂ እንኳ መጥቶ አያልቅም! ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አባት ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

የእኔ ጠዋት የሚጀምረው በወተት ነው። ሕፃኗ 6 ወር እስኪሞላት ከእናት ጡት ሌላ ምንም አልቀመሰችም። ባለቤቴ አልባ በንጹሕ ክዳን ያለው ኩባያ ታስቀምጣለች፤ እኔ በትንሽ ሲኒ ቀስ እያደረግሁ አጠጣታለሁ። ጡጦ ለማጠብ ስለሚያስቸግር ባለቤቴ አትወደውም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የታለበ የእናት ወተት ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። አሁን የገብስና የምስር ገንፎ ላይ ደርሳለች። እሱን ማገንፋት ከወተቱ ይቀላል።

ከምግብ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ እሳት ነው። አገራችን ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ልጅ የሚያድገው ምድጃ አጠገብ ነው። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንድ ዳዴ የሚል ሕፃን ጀበና ጎትቶ ደረቱ ተቃጠለ። ያን ሰሞን እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቤቴን በሕፃን ቁመት ዞርኩት። ቆሜ የማላየውን አየሁ፦ የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ የከሰሉ ምድጃ እጇ በሚደርስበት ነው፤ የኩራዙ ጋዝ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ሁሉንም በአንድ ጠዋት አነሣሁ። ማንኛውም አባት ይሞክረው፤ ሱሪው ከመቆሸሹ በቀር የሚያስወጣው ነገር የለም።

ልጅ ከተቃጠለ ደግሞ ሊጥ፣ ቅቤ ወይም ኮልጌት አይቀባም። የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ቀሪውን ገላ ከብርድ መሸፈን፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትም እንዲሁ ይቅር። ጭሱ ስለጠፋ መርዙ የጠፋ ይመስላል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን አይሸትም፣ አይታይም።

ትልቁ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያናውጥ 4 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በክረምት መብረቅ በጮኸ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል። ዘመድ ሁሉ «ወንድ ልጅ አይፈራም!» ይለዋል። እኔ ይህን ቃል ከቤቴ አስወጣሁት፤ የፈራ ልጅ ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ አይለቀውም፣ መደበቁን ብቻ ይማራል። አንድ ቀን አብሬው አልጋ ሥር ገባሁ። ጠባብ ነው፤ ግማሽ አካሌ ውጭ ቀረ፤ እሱም ሳቀ። ብልጭታውን ስናይ መቁጠር ጀመርን። ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፣ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 12 ቆጥረን ጮኸ። «4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ገና ነው» አልኩት። ቁጥሩን ከያዘ ወዲህ አልጋ ሥር የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከ30 በፊት ከጮኸ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ቤት መግባት አለበት፤ ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይሆንም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያለው ሁሉ ይህን ቢያስተምር ደስ ይለኛል።

የ4 ዓመቷ ልጄ ፍርሃት አታውቅም፤ ጥያቄ እንጂ። ማታ እንቆቅልሽ ስንጫወት ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ደሴን፣ ወልዲያን፣ ላሊበላን ያለ ስስት ትሰጠኛለች። ወገል ጤናን ስጠይቃት ግን «እሱን አልሰጥም፣ የት ልንተኛ ነው?» አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤታችን ለገበያ የማይሆን ቁራጭ ኦፓል ሰጣት። ውሃ ውስጥ ጣለችው። ቀለሙ ቀስ በቀስ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሆነ። «አባዬ ሞተ!» ብላ አለቀሰች። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይመጣል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ ይህን ግን አልነገርኳትም። መስኮት ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። በየሰዓቱ እየሄደች አየችው። ቀለሙ ሲመለስ የጮኸችው ጩኸት እኔ ልሰጣት ከምችለው ማብራሪያ ሁሉ ይበልጥ ነበር። (ድንጋዩን ከሕፃኗ አፍ ማራቅ ግን የእኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።)

ይህ ጎረቤቴ ኦፓል ቆፋሪ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓሉ ከታወቀ ወዲህ ብዙ የአካባቢያችን ወጣት ገደል ላይ በእጅ እየቆፈረ ዋሻ ይገባል። እሱም ሄዶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ልጄ ሲያየኝ ያለቅሳል። ለእሱ ብዬ ነው ገደል የምገባው፤ እሱ እንደ ሌባ ይሸሸኛል።»

ልጁ ዓመት ከመንፈቁ ነው። በዚያ ዕድሜ ሦስት ሳምንት ረጅም ዘመን ነው፤ ማልቀሱም ጥላቻ አይደለም። «ስትገባ አትንጠቀው» አልኩት። «መሬት ተቀመጥ፣ ከእናቱ ጋር አውራ፣ እሱ ራሱ ይምጣ። ደግሞ በመጣህ ቁጥር ሳትለዋውጥ አንድ ሥራ ያዝ። ማታ እግሩን አንተ እጠበው።»

ሳቀብኝ። በእኛ አገር ልጅ ነው የአባቱን እግር የሚያጥበው። ቢሆንም በዚያው ማታ ውሃ አሙቆ ሞከረው፤ ልጁ ጣሳውን ረግጦ ደፋበት። በሚቀጥለው ሲመጣም ደገመው፣ ከዚያም ሠለሰው። አሁን ሦስት ወር ሆኖታል። ልጁ አባቱ በመጣበት ቀን አሁንም ያለቅሳል። በማግሥቱ ማታ ግን ጣሳው ሲንኳኳ ሲሰማ ይቀመጥና እግሩን ይዘረጋለታል።