የጥንቱን የጡብ ቤት መልኩን ሳያጡ ማቀዝቀዝ

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል አስታውቆ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጁባ ተማሪዎች በሙቀት ብርታት ራሳቸውን ስተው በመውደቃቸው ይኸው ትእዛዝ ተደገመ። በማንጋቴን በሸራና በቆርቆሮ ሥር የተጠለሉ ተፈናቃዮች የሙቀቱን ጽናት አጥብቀው ቀምሰውታል።

በዚሁ ከተማ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የተሠሩ የጡብ ቤቶች ይገኛሉ። ወፍራም ጡብ የቀኑን ትኩሳት ቀስ በቀስ ስለሚቀበል፥ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። በረንዳ ፀሐይን ከግድግዳ ያርቃል፤ ከፍ ያለ ጣራም ሞቃቱ አየር ከሰው ራስ በላይ እንዲወጣ ያደርጋል። የዱሮ ግንበኞች የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ቤትን የሚያቀዘቅዙት በዚህ ጥበብ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ከሦስት ስሕተቶች መጠንቀቅ ይገባዋል። እነዚህም በረንዳውን ዘግቶ ክፍል ማድረግ፥ ጡቡን በሲሚንቶ መምረግና የአየር መተላለፊያዎችን መድፈን ናቸው። ሲሚንቶ በጡቡ ውስጥ ያለውን እርጥበት አላስወጣ ስለሚል የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። አየር ያጣው ቤት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ይሻል፤ መብራት ሲጠፋም የጄኔሬተሩ ነዳጅ የቤተሰቡን ገንዘብ ይበላል።

የሚሻለው ሥራ ከጣራ መጀመር ነው፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምታቃጥለው ቆርቆሮውን ነውና። ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት መከላከያ ቢነጠፍና ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኖ ቢተው፥ ከውጭ የሚታይ ለውጥ ሳይኖር ቤቱ ይቀዘቅዛል። የተቦረቦረው የጡብ መጋጠሚያም ቀድሞ በተሠራበት ዓይነት ማያያዣ፥ ኖራ ከሆነ በኖራና በአሸዋ፥ ቀለሙ ተመሳስሎ ይጠገን። የእንጨት መዝጊያዎች በቀን ተዘግተው በሌሊት ይከፈቱ፤ ለወባ ትንኝም መከላከያ ወንፊት አይታጣ። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚተከል የማንጎ ዛፍ ደግሞ የጠዋቱንና የማታውን ፀሐይ ይመክታል።

እነዚህ ሥራዎች ማቀዝቀዣን ፈጽሞ ባያስቀሩ እንኳ የሚሠራበትን ሰዓት ያሳጥራሉ። ይህም ለልጆች የቀን ዕረፍት፥ ለአረጋውያን ጤና፥ ለቤቱ እመቤትም የወር ወጪ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ ከመሣሪያው በፊት ጣራው ይታሰብ፤ አባቶች የሠሩት ግድግዳም መልኩ እንዳማረ ለልጅ ልጅ ይተላለፍ።