ስለ ሕንፃ ሥራ ትምህርትና በሥራ ቦታ ስለሚከፈል የልምምድ ደመወዝ

በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፥ ከመርካቶ ገበያ ጋራ ተያይዞ ሰባተኛ የሚባል ሰፈር አለ። ከገጠር የመጣ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ሁለት ዐይነት ቤት ያያል። አንደኛው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰው የቀድሞው ሱቅ ነው፤ ሁለተኛው በአርማታ ተሠርቶ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበው ሕንፃ ነው። የጭቃውን ቤት የሚሠራ ሰው ሙያውን ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ አይቶ ሊለምደው ይችላል። ባለ ፎቁን ግን በማየት ብቻ ለመሥራት አይቻልም፤ ሸክሙ ከባድ ነው፥ በውስጡና በሥሩ የሚነግደውና የሚመላለሰው ሕዝብም እጅግ ብዙ ነውና። እንግዲህ ይህን ሥራ በእውነት የሚያውቅ ሰው ከወዴት ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህ ነው።

በሕንፃ ሥራ ሦስት ወገን ሠራተኞች አሉ። መሐንዲሱ ያሰላል፥ ንድፍም ያወጣል። ግንበኛው፥ አናጢውና ብረት የሚያስረው ፌራዮ በእጃቸው ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል የቆመው ቴክኒሻን ይባላል። እርሱም የመሐንዲሱን ንድፍ አንብቦ በመሬት ላይ ይለካል፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፥ ስንት ሜትር ኩብ አሸዋና ጠጠር፥ ስንት ቤርጋ ብረት እንደሚያስፈልግ ይተምናል፤ ሥራው እንደ ንድፉ መሆኑንም ይመረምራል። ሲቪል ምሕንድስና የተባለው ሙያም ቤትን ብቻ ሳይሆን መንገድን፥ ድልድይንና የውሃ ቦይን ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ለከተማ ብቻ ሳይሆን ለባላገርም ይጠቅማል።

በቀድሞ ዘመን በሀገራችን የእጅ ሥራ ይናቅ ነበር። ቀጥቃጩና ሸማኔው ስለ ሙያው ይሰደብ ስለ ነበር ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ከዚያ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1954 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ከስዊድን መንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተቋቋመ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። ከሰባተኛ ብዙ ሳይርቅ በጳውሎስ በኩል የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም በመጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ዛሬ የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል።

ዳሩ ግን ይህ ሙያ በመማሪያ ክፍል ብቻ አይፈጸምም። የዚህንም ምክንያት በአንድ ምሳሌ እንገልጻለን። አርማታ የሚሠራው ከሲሚንቶ፥ ከአሸዋ፥ ከጠጠርና ከውሃ ሲሆን በውስጡ ብረት ይገባበታል። 50 ኪሎ ለሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ታዝዞ እንደሆነ የውሃው ክብደት የሲሚንቶውን እኩሌታ ይሆናል። ፀሓይ ሲበረታና ቡኮው ለማላወስ ሲያስቸግር ሠራተኛው ድካሙን ለማቅለል 10 ሊትር ጨመረበት እንበል። ያን ጊዜ አርማታው ይለሰልሳል፥ በቅርጹም ውስጥ በቀላሉ ይፈስሳል፤ ነገር ግን ትርፉ ውሃ ሲተን በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ፥ ከጥንካሬውም ከሲሦ በላይ ሊያጣ ይችላል። በዐይን ሲያዩት ግን ደህናውና ደካማው ዓምድ አንድ ይመስላሉ።

ስለዚህ ቴክኒሻኑ በመሣሪያ ይፈትናል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ፥ ከላይና ከታች ክፍት በሆነ የብረት ቅርጽ ውስጥ አርማታውን በሦስት ጊዜ ይሞላል፤ እያንዳንዱንም ድርብ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወቅጣል፤ ከዚያም ቅርጹን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አንሥቶ አርማታው ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዳለ ይለካል። ከተወሰነው በላይ ዝቅ ያለ እንደሆነ ውሃ መብዛቱን ያስጠረጥራል። ከዚህም በቀር ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ አውጥቶ በውሃ ውስጥ ያቆያል፤ በ28ኛውም ቀን በመጭመቂያ መኪና ሰብሮ ምን ያህል ሸክም እንደቻለ ያያል።

ይህን ሁሉ ተማሪ በአንድ ቀን ከሰሌዳ ላይ ሊገለብጠው ይችላል። ነገር ግን ፎርማኑ ሲያጣድፈው፥ የሕንፃው ባለቤት ስለ ወጪ ሲቆጣ፥ «ይህ አርማታ አይፈስስም፥ ይመለስ» ብሎ መናገርን የሚማረው በሥራ ቦታ ብቻ ነው። ዕውቀት ያለ ድፍረት፥ ድፍረትም ያለ ዕውቀት ሕንፃን አያቆሙም።

ትምህርትንና ሥራን በአንድነት የማስኬድ ሥርዐት በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ1906 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ተጀመረ። ያሰበውም ኸርማን ሽናይደር የተባለ መምህር ነው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው፤ አንዱ በትምህርት ቤት ሲሰነብት ጓደኛው በፋብሪካ ይሠራል፥ በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ይለዋወጣሉ። ለሥራቸውም ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። ይህ ሥርዐት ወደ ሌሎች አገሮች ተላልፎ ዛሬ በካናዳ ኮሌጆች የሲቪል ምሕንድስና ቴክኖሎጂ ተማሪ ጥቂት ወራት ተምሮ ጥቂት ወራት በደመወዝ ይሠራል። በእኛም አገር በሙያ ኮሌጆች የትብብር ሥልጠና የሚባል አለ፤ ሠልጣኙ ከፊሉን ጊዜ በኮሌጅ፥ ከፊሉን በድርጅት ያሳልፋል።

ደመወዙ ስለ ምን ያስፈልጋል? ፊተኛው ምክንያት ግልጥ ነው፤ ከገጠር የመጣ ልጅ የቤት ኪራይና ምግብ አለበት፥ አባቱም በሬውን ሸጦ ቢልከው ሁለተኛ የሚሸጠው በሬ የለውም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። የሚከፍል አሠሪ ስለ ከፈለው ገንዘብ ቁም ነገር ያለው ሥራ ይሰጣል፤ የሚከፈለውም ተማሪ ስለ ተቀበለው ገንዘብ በሥራው ይጠየቃል። በነፃ የቆመ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ዳሩ ግን ሁለት አደጋዎች አሉ። አንዳንዱ አሠሪ ልምምድ በሚል ስም ተማሪውን ብሎኬት ሲያሸክም ያከርመዋል። አንዳንዱ ተማሪም የቀን ገንዘብ ጣፍጦት ትምህርቱን ይተዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የትምህርት ጓደኞቹ ሥራ ሲመሩ እርሱ ከዚያው ከነበረበት ይገኛል። ደግሞም በሀገራችን ክፍያው በሁሉ ዘንድ አንድ አይደለም፤ ደመወዝ የሚሰጥ አለ፥ ለምሳና ለመጓጓዣ ብቻ የሚሰጥ አለ፥ ምንም የማይሰጥም አለ።

ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ማድረግ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ለማጅ ውል ሲደነግግ፥ የሥልጠናው ዐይነትና ጊዜ፥ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በውሉ እንዲገለጥ ያዝዛል። ተማሪው ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፤ ምን ሥራ ያሠሩኛል? የሚያስተምረኝ ባለሙያ ማን ነው? በወር ስንት ይከፈለኛል? የራስ ቁርና ጫማ ይሰጠኛልን? ከርብራብ ላይ ወድቄ ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በየቀኑም የሠራውን በደብተር ይጻፍ፤ ለኮሌጁ መምህርም ያሳይ።

የመንደር ተማሪዎች ሆይ፥ ለዚህ ሙያ ለመዘጋጀት ኮሌጅ እስክትገቡ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። 12 ሜትር ገመድ ውሰዱ፤ በ3ኛውና በ7ኛው ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ አስራችሁ በሦስቱ ቦታ ችካል በመምታት ወጥሩት። ጎኖቹ 3፥ 4ና 5 ሜትር ይሆናሉ፤ በ3ና በ4 ሜትሩ መካከል ያለው ማዕዘን ትክክለኛ ቀጥታ ማዕዘን ነው። ግንበኛ የቤት መሠረት ሲያወጣ የሚጠቀምበት ይህንኑ ነው። በዚህም የትምህርት ቤታችሁን ማዕዘን ፈትኑ፤ የግድግዳውን ቀጥ ማለት በቱምቢ እዩ፤ ሒሳባችሁንም ችላ አትበሉ።

ወላጆችም ልጃችሁ፥ ወንድ ሆነ ሴት፥ «አርማታ ልማር» ሲል «ተምሮ ጭቃ ሊያቦካ ነውን?» አትበሉ። በሰባተኛ ሆነ በመንደራችሁ፥ ሰው ጣራ ሥር ገብቶ ያለ ስጋት የሚተኛው ይህን ሥራ በሚገባ የተማረ ሰው ሲገኝ ነው።