ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በፊደል ገበታ መሸጋገር ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

ከመርካቶ በስተምዕራብ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአጠና ተራ አንሥቶ እስከ አየር ጤና ድረስ ባሉት የንግድ ቤቶች፥ ቀድሞ በመዝገብና በካርቦን ወረቀት ይከናወን የነበረው የጽሕፈት ሥራ ዛሬ በብዙው ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። የቀድሞው ጸሐፊ የዕቃ መግቢያ መዝገቡን በቀኙ፥ የዱቤ መዝገቡን በግራው፥ ደረሰኙን በፊቱ ዘርግቶ ዓይኑን ብቻ በማዞር ይሠራ ነበር። በኮምፒዩተር ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠባብ ገጽ ላይ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፥ አንዱ ሲታይ ሌላው ይሸፈናል። እያንዳንዱ የተከፈተ ሥራ የሚታይበት ክፈፍ መስኮት ይባላል፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ያለስሕተት መሸጋገርም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት አስመጪውና ላኪው በየመሥሪያ ቤቱ ይጠይቁት የነበረውን ፈቃድ በአንድ ቦታ እንዲጠይቁ አስችሏል። ሆኖም በነጋዴው ኮምፒዩተር ላይ የሚከፈቱት መስኮቶች አንድ ብቻ አልሆኑም። አንድ አስመጪ የአቅራቢውን ኢንቮይስ በአንደኛው፥ የዋጋ ስሌቱን በሁለተኛው፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን በሦስተኛው ከፍቶ ይሠራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ የባንኩ የዕለት ተመን ደግሞ አራተኛው መስኮት ይሆናል። ቡና ላኪም ቢሆን በውጭ ገበያ ዋጋው በፓውንድ ተተምኖ ያገኘዋል፤ በአገር ውስጥ ግን 17 ኪሎ በሆነው በፈረሱላ የገዛው ሊሆን ይችላል። አንድ ፈረሱላ 37 ፓውንድ ተኩል ያህል ስለሆነ፥ ሁለቱን ለማነጻጸር ከመስኮት ወደ መስኮት መመላለሱ አይቀርለትም።

ብዙ ሰው ይህን የሚፈጽመው እጁን ከፊደል ገበታው አንሥቶ በማውስ እየፈለገ ነው። በዚህም የሚጠፋው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ከቁጥሩ ላይ ስለሚነሣ፥ ተመልሶ ሲመጣ ከሌላ መሥመር ላይ ያርፋል። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደላትና 7 አኃዞች፥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም 10 አኃዞች አሉት። ከነዚህ አንዱ የተዛነፈ እንደ ሆነ ሰነዱ ለእርማት ይመለሳል፤ ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ ሲጠብቅም የመጋዘን ኪራይ ሊቈጠርበት ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዊንዶውስ ሥርዓት ባለው ኮምፒዩተር ከረጅሙ የክፍተት ቁልፍ በስተግራ ያለውን የኦልት ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ በመያዝ፥ በገበታው ግራ ጠርዝ ያለውን የታብ ቁልፍ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ወዲያው የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ በገጹ ላይ በተርታ ይታያሉ። ኦልትን ሳይለቁ ታብን በነኩ ቊጥር ምልክቱ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ከሚፈለገው ላይ ሲደርስ ኦልት ይለቀቃል። ምልክቱ አልፎ የሄደ እንደ ሆነ ሺፍትን ጨምሮ ታብን መንካት ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ መታወቅ የሚገባው ነገር፥ መስኮቶቹ የሚሰለፉት በተከፈቱበት ተራ ሳይሆን በቅርብ በተሠራባቸው ተራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት መስኮቶችን እያፈራረቀ የሚሠራ ሰው ታብን አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ ሁለቱንም ቁልፎች ቢለቅ፥ ምንጊዜም ቀደም ብሎ ወደ ነበረበት መስኮት ይመለሳል። ከኢንቮይሱ ወደ ዲክላራሲዮኑ፥ ከዲክላራሲዮኑ ወደ ኢንቮይሱ መመላለስ በዚህ ዓይነት የቅጽበት ሥራ ይሆናል። ቁጥሩንም እንደገና ከመጻፍ ይልቅ መርጦ በኮንትሮልና በሲ መቅዳት፥ ተሻግሮም በኮንትሮልና በቪ ማስቀመጥ ይበልጣል።

ከዚህም በቀር የሚከተሉት ይጠቅማሉ። የዊንዶውስን ምልክት የያዘውን ቁልፍ ከቀኝ ወይም ከግራ ቀስት ጋራ ቢጫኑ መስኮቱ የገጹን እኩሌታ ይይዛል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ሰነዶች እንደ ቀድሞው መዝገብ ጐን ለጐን ይታያሉ። በኢንተርኔት መቃኛው ውስጥ የተከፈቱት ገጾች የአንድ መስኮት ክፍሎች ስለሆኑ በነርሱ መካከል የሚያሸጋግረው ኮንትሮልና ታብ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል ደግሞ ኮምፒዩተሩን ይቈልፋሉ፤ ደንበኛ በባንኮኒው ላይ ጐንበስ ብሎ የዱቤ መዝገቡን እንዳያይ ለባለሱቅ ይህ ይበጀዋል። የማክ ኮምፒዩተር ያለው ሰው በኦልት ፈንታ የኮማንድን ቁልፍ ከታብ ጋራ ይጠቀማል።

ፍጥነት ያለ ጥንቃቄ ግን ጉዳት አለው። ኮምፒዩተር የተጻፈውን ሁሉ የሚያሳርፈው ከፊት በቆመው መስኮት ላይ ነው፤ ጸሐፊው የትኛውን እንዳሰበ አይጠይቅም። ለአንዱ ደንበኛ የታሰበው የጅምላ ዋጋ ለሌላው በሚላከው ደብዳቤ ውስጥ ቢገባ ስሕተቱ የሚታወቀው ከተላከ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት በመስኮቱ አናት ላይ ያለውን ስም ማንበብ ልማድ መሆን አለበት። ኦልትና ኤፍ 4 መስኮቱን የሚዘጉ ስለሆነ በስሕተት እንዳይነኩ ያስፈልጋል። አማርኛና እንግሊዝኛ በሚጻፍበት ኮምፒዩተር ላይም ኦልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ የጽሕፈቱ ቋንቋ ሊለወጥ ይችላል፤ ፊደሉ ድንገት ተለውጦ ቢገኝ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ሳይባል እነዚያኑ ቁልፎች ደግሞ መንካት ይበቃል። መብራት ሳይታሰብ ሊጠፋ ስለሚችልም ከመስኮት ከመነሣት በፊት በኮንትሮልና በኤስ ሥራውን ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ይህን ለመልመድ ገንዘብም ሆነ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለንግዱ ለጸሐፊው በመጀመሪያው ሳምንት ኦልትና ታብን ብቻ፥ በሁለተኛው መቅዳትና ማስቀመጥን ቢያስለምደው፥ ጣቶቹ ከዚያ ወዲያ ሳይታዘዙ ይሠሩታል። ትርፍ የሚገኘው በመግዛትና በመሸጥ ብቻ አይደለም፤ የተገኘውን በቁጥር ስሕተት ላለማጣት መጠንቀቅም የንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።