በረኪና ለብቻው ይሁን

በየቤታችን የዕቃ ማጠቢያ ሥር በረኪና፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የሽንት ቤት ማጽጃና አቼቶ ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። ብዙዎቻችን በጽዳት ሥራ እንጀራችንን የምናገኝ ስለሆንን የእነዚህን ነገሮች ጠባይ ማወቅ ይጠቅመናል።

በረኪና፣ ስሙን ከጣሊያንኛ ያገኘነው፣ በኬሚስትሪ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። የሚሠራው ከክሎሪንና ከኮስቲክ ሶዳ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚገኙት በጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው። ክሎሪንን ለጨርቅ ማንጫ ያዋለው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ነው፤ ዘመኑም 1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር።

ጣጣው የሚመጣው በረኪና ከሌላ ጋር ሲደባለቅ ነው። ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በ1915 (እ.ኤ.አ.) ጀርመኖች ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የፈጁበት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ተንበርክኮ ገንዳ የሚፈትገውን ሰው ቀድሞ ያገኘዋል።

ከአሞኒያ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳው ክሎራሚን ይፈጠራል። አሞኒያ በብዙ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ አለ። ከቆየ ሽንትም ስለሚወጣ፣ የድመት ሽንት ያለበት ዕቃ አስቀድሞ በውሃ መታጠብ አለበት።

«ሁለቱ አንድ ላይ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በረኪናው ጋዝ ሆኖ ሲያልቅ የማጽዳት ኃይሉም አብሮ ይሄዳል።

ጀርም ለመግደል 5 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ለ1 ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) ውሃ ይበቃል። የሞቀ ውሃ አይሁን። ካደረ ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ። መስኮት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ወደ ሌላ ጠርሙስም አይገልብጡ።

ሽታው አፍንጫና ዓይን ካቃጠለ «ይህን ልጨርስ» ሳይሉ ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ይውጡ። አሜሪካ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከልን በ1-800-222-1222 ደውላችሁ በአስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። መተንፈስ ከከበደ ግን 911 ይቅደም።

በአሜሪካ ድርጅት ተቀጥራችሁ የምታጸዱ ወገኖች፣ ስለምትይዙት ኬሚካል በሚገባችሁ ቋንቋ ሥልጠና መስጠት የአሠሪው ሕጋዊ ግዴታ ነው። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ቢሰጣችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ምንነቱን ጠይቁ።