ማሽኑ ያበድራል፤ ዋሱ ማን ነው?

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ቀን ግብይት ብቻ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ አጥቷል። ለዚህም ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው ዲፕሲክ የተሰኘ የቻይና ድርጅት በአነስተኛ ወጪ ሠራሁት ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ «ኤአይ» የሚባለው ፕሮግራም ነው። ኤንቪዲያ የሚያመርተው ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልጉትን ቺፖች በመሆኑ ባለአክሲዮኖቹ ደንግጠው ሸጡ። እንዲህ ያለው ዜና ሲሰማ በሰንጋ ተራ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ወይም በድለላ የሚተዳደር ሰው «ይህ ደግሞ እኔን ምን ያገባኛል?» ቢል አይፈረድበትም።

ይሁንና ቴክኖሎጂው በአክሲዮን ገበያ በኩል ባይሆንም በሌላ በር ገብቷል። በሩም ብድር ነው። ዛሬ አንድ ነጋዴ ከሱቁ ሳይወጣ በእጅ ስልኩ ብድር ጠይቆ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ያገኛል። «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ብሎ የሚወስነው የብድር ኮሚቴ ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ በምን መዝኖ እንደሚወስን ማወቅ እንግዲህ የነጋዴው ጉዳይ ሆኗል።

ከካርታ ወደ ስልክ

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የሰንጋ ገበያ ነው። ዛሬ ሰፈሩ የባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መናኸሪያ ሲሆን፣ የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ከፍታ አለው። በነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ብድር ሲጠየቅ የኖረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ተበዳሪው የቤት ካርታ ወይም የተሽከርካሪ ሊብሬ ይዞ ይቀርባል፤ መሐንዲስ ይገምታል፤ ንብረቱ በመያዣነት ይመዘገባል። ካርታ የሌለው ነጋዴ ዕጣው እቁብ፣ ዘመድ ወይም አራጣ አበዳሪ ነበር።

ይህን ለማላላት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ለምሳሌ ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ የቁም ከብት ሳይቀር፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በዲጂታል መንገድ የሚሰጠው ብድር ግን ከዚህም አልፎ ሄዷል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ክፍያ ፋይናንሻል ቴክኖሎጂ ከተባለው ኩባንያ ጋር በመሆን በ2014 ዓ.ም. ያስተዋወቀው «ሚቹ» የተሰኘው ብድር ያለ መያዣ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ነጋዴዎች የታሰበ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር «ቴሌብር መላ» እና «ቴሌብር እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ጀምሯል። ቴሌብር ራሱ ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነበር።

ማሽኑ ምን ያያል?

እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚሠራው በቀላል ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ፕሮግራሙ ቀደም ሲል የተበደሩ የብዙ ሰዎች መዝገብ ይሰጠዋል። ከነዚህ መካከል በወቅቱ የከፈሉትና ያልከፈሉት በምን እንደሚለያዩ ያጠናል። አዲስ ጠያቂ ሲመጣ «ይህ ሰው ከየትኞቹ ጋር ይመሳሰላል?» ብሎ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ብድሩ መፈቀዱን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ይወስናል።

የሚመዘነው በአብዛኛው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። ገንዘብ በሳምንት ስንት ጊዜ ይገባል፣ ስንት ጊዜ ይወጣል፣ በወር መጨረሻ ሂሳቡ ውስጥ ምን ያህል ይቀራል፣ ያለፈው ብድር በቀኑ ተከፍሏል ወይ የሚሉት ይገኙበታል። የመጀመሪያው ብድር አነስተኛ ሆኖ በወቅቱ ሲመለስ ቀጣዩ ከፍ የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው። በአጭሩ ዋሱ የነጋዴው የራሱ መዝገብ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በቀን ብዙ ሺህ ብር የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡን በጥሬው ተቀብሎ በጥሬው ለአከፋፋይ ከከፈለ፣ ለማሽኑ እንዳልሠራ ሰው ነው። ሽያጩን ግማሹን በራሱ፣ ግማሹን በባለቤቱ ሂሳብ የሚያስገባም አቅሙን ራሱ ለሁለት ከፍሎታል። በዱቤ መዝገብ ላይ ያለ ሂሳብ ደግሞ እስኪከፈል ድረስ አይታይም።

የወቅት ጉዳይም አለ። ሥጋ ቤት ያለው ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሽያጩ ቢወርድ ማንም አይገረምም፤ ለፋሲካ እንደሚያንሰራራም ይታወቃል። ማሽኑ ግን የጾሙን ወራት ከፍስኩ ጋር አስተያይቶ ካልተማረ፣ የሚያየው ገቢው የቀነሰ ተበዳሪ ነው። ስለሆነም ብድር የሚያስፈልገው ነጋዴ ገበያው በቀዘቀዘበት ሳይሆን በደራበት ወቅት አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለግብር ትንሽ፣ ለብድር ትልቅ

ብዙ ነጋዴ ከባንክ ዝውውር የሚሸሸው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያስነሳው ቅሬታ አይዘነጋም፤ ሱቃቸውን የዘጉም ነበሩ። ገቢው በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተመዘገበ ነጋዴ ለግብር ሰብሳቢው ይበልጥ ግልጽ እንደሚሆን ያውቃል።

ነገር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እየከበደ ነው። ለግብር ትንሽ፣ ለብድር ትልቅ ሆኖ መታየት አይቻልም። ቀድሞ የቤት ካርታ ያለው ሰው መዝገቡን ሸሽጎም መበደር ይችል ነበር። ካርታ የሌለው ሰው ግን በአዲሱ መንገድ ለመበደር ካሻው መዝገቡን ማሳየት ግድ ይለዋል። እያንዳንዱ ነጋዴ የሚከፍለውን ግብርና የሚያገኘውን የብድር አቅም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስላት ይኖርበታል።

የፈጣን ብድር ዋጋ

ብድሩ ፈጣን መሆኑ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። የአጭር ጊዜ ብድር ክፍያ በቀን ወይም በወር ስለሚነገር አነስተኛ መስሎ ይታያል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 20,000 ብር ለአንድ ወር ወስዶ 1,000 ብር ክፍያ ቢጠየቅ፣ ክፍያው 5 በመቶ ነው። በዓመት ሲታሰብ ግን 60 በመቶ ይሆናል።

ነጋዴውን የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው ዕቃው በወር ውስጥ ስንት ጊዜ መዞሩ ነው። በእያንዳንዱ ዙር 4 በመቶ የሚያተርፍ ዕቃ በወሩ ሁለት ጊዜ ቢሸጥ 1,600 ብር ይገኛል፤ ክፍያው ተቀንሶ 600 ብር ይተርፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተሸጠ ግን 800 ብር ተገኝቶ 200 ብር ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ ቶሎ ለማይዞር ዕቃ፣ ይልቁንም ለሠርግና ለልቅሶ ወጪ እንዲህ ያለውን ብድር መውሰድ ጉዳቱ ያመዝናል። በቀኑ ካልተከፈለም የሚጨመረው ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ነጥቡም ይወርዳል።

ማሽኑ ሲሳሳት

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል። ከነዚህም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በርካታ ነበሩ። ባንኩ ጥቃት እንዳልደረሰበት አስታውቆ፣ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገልጿል። አብዛኛው ገንዘብ በቀጣዮቹ ሳምንታት የተመለሰ ሲሆን፣ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ እስከ መደረግ ደርሷል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ግዙፍ ባንክም ቢሆን ኮምፒዩተሩ ሊሳሳት ይችላል። ሁለተኛ፣ ስህተቱ የማሽኑ ቢሆንም መዝገቡ ማን ምን እንዳደረገ አልረሳም። ብድርን የሚወስነው ማሽንም እንዲሁ ነው፤ የተሳሳተ መረጃ ከያዘ ባለጉዳዩ ካልጠየቀ በቀር ራሱ አያርምም።

በዚህ ረገድ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለነጋዴው ጠቃሚ ነው። አዋጁ ማንኛውም ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስህተት ካለ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብድር ተከልክሎ «ሲስተሙ ነው ያለው» የተባለ ነጋዴ እንግዲህ ዝም ብሎ መመለስ የለበትም ማለት ነው።

ደላላውስ?

ማሽን ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጋው መካከለኛው ሰው ነው። ለዚህ በቅርብ የሚገኘው ምሳሌ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ምርት ገበያው ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዥ በመድረኩ ላይ ዋጋ እየጠሩ፣ በመጨረሻም እጅ ለእጅ ተማትተው ይስማሙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር ጩኸቱና ጭብጨባው ቀርቷል፤ ተገበያዮቹ ግን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ሥራቸውን ቀጠሉ። የቀረው ዋጋ የመጥራቱ ሥራ ሲሆን፣ ደንበኛን የማምጣትና የማማከሩ ሥራ በሰው እጅ ቆይቷል።

በብድርም የሚጠበቀው ተመሳሳይ ነው። «የባንክ ሰው አውቃለሁ» ብሎ ብድር የሚያፋልግ ደላላ ለትንንሽ ብድሮች የሚፈለግበት ምክንያት እየጠፋ ይሄዳል፤ ማሽኑ አማላጅ አይሰማምና። የሒሳብ መዝገብ የሚያደራጅ፣ የብድሩን ትክክለኛ ዋጋ አስልቶ የሚያስረዳና የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የሚከራከር ሰው ግን ሥራ አያጣም።

ስለሆነም ብድር ለመጠየቅ ያሰበ ነጋዴ ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሞ ሽያጩን በአንድ ሂሳብ ማስገባት፣ የመጀመሪያውን ትንሽ ብድር በቀኑ መመለስና ክፍያውን ከዕቃው ዙር ጋር አስተያይቶ ማስላት ይኖርበታል።