ለተረከዝ ሕመም የሚታዘዘው ሶል ምን ያህል ይረዳል?

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ ያህል ተሰማኝ። ጥቂት አነካክሼ ከተራመድኩ በኋላ ቀለል አለኝ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ግን ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የኛ ሰው መጀመሪያ «ሪህ ነው»፣ ቀጥሎ «ብርድ ነው» ይላል። እኔም ሁለቱንም ብያለሁ። ሦስት ሳምንት በቅባት ሳሽ ከሰነበትኩ በኋላ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ራጅ ተነሣሁ። ባለሙያው «ተረከዝዎ ላይ አጥንት በቅሏል» አለኝና በእግሬ ልክ የሚሠራ የጫማ ውስጥ ሶል እንዳዝ፣ ያለበለዚያ እየባሰብኝ እንደሚሄድ ነገረኝ። የሶሉ ዋጋ ያደረግኩትን ጫማ ሁለት ጊዜ ይገዛ ነበር።

ሕግ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ማስረጃ ሳያይ አይፈርምም። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ፤ የአጥንት ሐኪም የሆኑ ሁለት ወዳጆቼንም ጠየቅኩ። በየቢሮው ተረከዙን የሚያመው ሰው ይህን ያህል ብዙ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ጠዋት ጠዋት ተረከዝን የሚወጋው ሕመም በአብዛኛው መነሻው የበቀለ አጥንት አይደለም። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶቻችን ሥር የሚዘረጋ፣ የውስጥ እግራችንን ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ደግፎ የያዘ ጠንካራ ጅማት አለ። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። ረጅም ሰዓት መቆም፣ ክብደት መጨመር፣ የባት ጡንቻ መገተርና ስስ ሶል ያለው ጫማ ይህን ጅማት ተረከዙ ጋ ይጎዱታል። ሌሊት ሥራ ፈትቶ ያደረውን ጅማት ጠዋት በአንድ ጊዜ ሙሉ ክብደታችንን ስንጭንበት ያመናል። በራጅ የሚታየው የአጥንት ሹል ግን ምንም በማያማቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይም ይገኛል። በችሎት ቋንቋ፣ በቦታው መገኘቱ ብቻውን ጥፋተኛ አያሰኘውም።

ኦርቶቲክስ የሚባሉት እነዚህ ደጋፊ ሶሎች የሚሠሩት ሥራ ጭነትን ማዛወር ነው። ጎድጓዳውን ከሥር ይደግፋሉ፣ ተረከዙን አቅፈው ይይዛሉ፤ አንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ለሌላው ያካፍላሉ። የአጥንትን ቅርጽ አይለውጡም። መነጽር ሲወልቅ ዓይን እንደነበረው እንደሚሆን ሁሉ፣ ሶሉም ሲወጣ እግሩ ያው እግር ነው።

የዋጋውን ጥያቄ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። 135 የተረከዝ ሕመምተኞች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በእግሩ ልክ የተሠራ፣ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ሦስተኛው ለይስሙላ ያህል ስስ ስፖንጅ ተሰጠው። በሦስተኛው ወር እውነተኛውን ሶል ያገኙት ሁለቱ ቡድኖች እግራቸውን እንደልብ በመጠቀም በኩል መጠነኛ ብልጫ አሳዩ፤ በልክ የተሠራው ግን ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው አልበለጠም። በ12ኛው ወር በሦስቱ መካከል የነበረው ልዩነት ሁሉ ጠፋ። ይህ ሕመም አብዛኛውን ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚለቅ ነው። ስለዚህ ሶል የምንገዛው ያንን ጊዜ ለማቅለል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ርካሹ ይበቃል።

ሶሉ ብቻውንም መተው የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ዴንማርኮች ባወጡት ጥናት፣ ሁሉም ሕመምተኞች ሶል ከተሰጣቸው በኋላ ግማሾቹ ጅማቱን እንዲያሳስቡ፣ ግማሾቹ እንዲያጠነክሩ ተደረገ። በሦስተኛው ወር ያጠነከሩት ተሽለው ተገኙ። አሠራሩ ጂም አይፈልግም። የተጠቀለለ ፎጣ ከጣቶችዎ ሥር አድርገው ደረጃ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፤ በቀስታ ተረከዝዎን ያነሣሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ በቀስታ ያወርዳሉ። በየሁለት ቀኑ ነው። ቤተሰብ ሲያይዎት ይስቃል፤ ይሳቅ።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ሶሉን በጣቱ ይጫነው። ሙሉ በሙሉ ከተኛ ምቾት እንጂ ድጋፍ አይሰጥም። የጫማውን የራሱን ሶል አውጥቶ ይክተት፤ አለበለዚያ ተረከዙ ከጫማው ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምር። አገር ቤት በብዛት የምናደርገው ሹል የቆዳ ጫማ ግን ምንም ዓይነት ሶል የሚያስገባ ቦታ የለውም።

ለጉልበት መበላት በጎን ከፍ ያለ ሶል መሸጡም የተለመደ ነው፤ ጥናቶቹ ይህን ያህል አላገዙትም። ሕመም የሌለውና እንደልቡ የሚሮጥ ሕፃን እግሩ ጠፍጣፋ በመሆኑ ብቻም ሶል አያስፈልገውም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን እየጠቀሱ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ማሸነፉን አስታውሳቸዋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያመው እግር ላላቸው ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሰውዬው ጠጠር ቢረግጥ፣ ጫማ ቢልጠው አያውቅም። ቁስሉ ሲታይ ብዙ ጊዜ ረፍዷል፤ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ እግር በልክ የሚሠራ፣ ጫናውን በትክክል የሚያከፋፍል ሶልና ሰፊ ጫማ እግርን የማትረፍ ጉዳይ ነው፤ ከመንገድ ላይ ተገዝቶ የሚገባ ጠንካራ ሶል ደግሞ ራሱ ሊያቆስል ይችላል። ቁስል ከወጣ በኋላ ሶል ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም የሚያስርለት እስከ ጉልበት የሚደርስ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ይህን እያነበብኩ ሳለ ስኳር ካለባት ብዙ ዓመት የሆናት ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። እሁድ ቤቷ ሄጄ «እትዬ፣ እስቲ እግርሽን አሳዪኝ» አልኳት። «ምን ሆነሃል? እኔን እኮ ምንም አያመኝም» አለች። ነገሩ ይኸው አለማመሙ ነበር። ካልሲዋን ስታወልቅ ከአውራ ጣቷ ሥር ቆዳው ጠንክሮ፣ መሐሉ ጠቁሮ አየሁት። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሙ በቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግሯን እየነካ «ይሰማዎታል?» ሲላት ከብዙው ቦታ መልስ አልነበራትም። የጠነከረው ተጠርቦ ሲታይ ገና አልቆሰለም፤ ደርሰንበታል። ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ ወደሚሠራ ማዕከል ተልካ በእግሯ ልክ ሶል ተሠራላት። አሁን ጠዋት ጫማዋን ከማድረጓ በፊት እጇን ከትታ ትዳብሳለች፤ ማታ ደግሞ ውስጥ እግሯን በመስታወት ታያለች።

እኔ ያን ክሊኒክ አልተመለስኩበትም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሶል ገዝቼ፣ ደረጃ ላይ በፎጣ እየቆምኩ አራት ወር ቆየሁ። ጠዋት አሁን አላነክስም። ሶሉን የትኛው ጫማ ውስጥ እንደረሳሁት ግን እንጃ።