ከሒሳብ ሸሽቶ ወደ ኢኮኖሚክስ? ተረቱና እውነታው

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ተማሪዎች የዲፓርትመንት ምርጫ በሚሞሉበት ሰሞን ስለ ኢኮኖሚክስ የሚወራው ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። ለሶሻል ተማሪ ይመቻል፤ ሽምደዳ ነው፤ ስለ ገንዘብ ነው የሚያስተምረው፤ ሲመረቁ ባንክ ያስገባል፤ የለም፣ የትም አያስገባም። አባባሎቹ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። ሁሉም ትምህርቱን የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ታናሽ ወንድም፣ ስለ ብርና ስለ ገበያ መረጃ የሚሸመትበት ክፍል አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ የምከራከረው ኢኮኖሚክስ አንድን ጥያቄ ዓመታት ሙሉ ደጋግሞ መጠየቅ ነው ብዬ ነው፦ ይህ ነገር ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ግራፉም፣ ካልኩለሱም፣ ስታቲስቲክሱም የሚመጡት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ከሒሳብ እንጀምር፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከሶሻል የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ለማኅበራዊ ሳይንስ የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስና የኢኮኖሚክስ መግቢያ ይወስዳል፤ ያ ብዙም አያስደነግጥም። ዲፓርትመንቱን ከተቀላቀለ በኋላ ግን ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስና ማቲማቲካል ኢኮኖሚክስ ይከተሉታል፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት ክፍል ያለው ኢኮኖሜትሪክስ ይመጣል። ተማሪዎች የሚያገላብጧቸው የቺያንግና የጉጃራቲ መጻሕፍት ገጻቸው በቀመር የተሞላ ነው፤ ቋንቋቸውም እንግሊዝኛ ስለሆነ ችግሩ ድርብ ነው። «ታዲያ ሒሳቡ ለምን አስፈለገ? ስለ ሰው ኑሮ ለማውራት ዴሪቬቲቭ ማውጣት የግድ ነው ወይ?» የሚለው ቅሬታ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በወጉ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ለምሳሌ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ከጀልባ የሚወርደውን ዓሣ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኋቸው ናቸው። 10 ጀልባዎች በቀን 1,000 ቆሮሶ ያወጣሉ እንበል፤ ለእያንዳንዳቸው 100 ይደርሳቸዋል ማለት ነው። 11ኛ ጀልባ ሲጨመር ከሐይቁ የሚወጣው ጠቅላላ ዓሣ 1,020 ላይ ይቆማል እንበል። አዲሱ አጥማጅ የሚያየው የራሱን ድርሻ፣ 93 ገደማ ዓሣ ነው፤ የቀን ወጪው የ60 ዓሣ ዋጋ ከሆነ መግባቱ ያዋጣዋል። በእሱ መግባት ከሐይቁ የተገኘው ጭማሪ ግን 20 ዓሣ ብቻ ነው። የቀሩት 73 ከሌሎቹ አሥር ጀልባዎች መረብ የተቀነሱ ናቸው። እንግዲህ የ60 ዓሣ ዋጋ ወጥቶ የተገኘው 20 ሆነ፤ ያጭበረበረ የለም፣ የሰነፈም የለም፤ እያንዳንዱ ያደረገው ለቤቱ የሚበጀውን ነው። አማካዩን (93) ከጭማሪው (20) የማይለይ ሰው ይህን ኪሳራ ከነጭራሹ አያየውም፤ በአጥማጆቹ ስግብግብነት ወይም በዕድል ያሳብባል። በካልኩለስ ክፍል ዴሪቬቲቭ የሚባለው ያ የ20 ዓሣ ቁጥር ነው። በዓይን የማይታየውን ጭማሪ ነጥሎ የሚያወጣው ሒሳቡ ነው፤ ለዚህም ነው ኢኮኖሚክስ ያለ እሱ ወደ ወሬ የሚወርደው።

ይህን ትንታኔ ካናዳዊው ኢኮኖሚስት ስኮት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ዓሣ ሀብት ጽፎታል። እዚህ ላይ ሌላው የተለመደ አባባል ብቅ ይላል፦ «የፈረንጅ ቲዎሪ ነው፤ ለእኛ አገር አይሠራም።» አባባሉ እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌዎች ከአሜሪካ ገበያ የተቀዱ ናቸው፤ የመንደር ዕቁብና እድር፣ በዱቤ የሚኖር ቤተሰብ፣ ለቤቱ ፍጆታ የሚያርስ ገበሬ እነሱ ውስጥ እምብዛም አይገኙም። ይሁንና የሐዋሳ ሐይቅ ለጎርደን ትንታኔ እንግዳ አይደለም፤ ቆሮሶ ሳያድግ በጠባብ መረብ እየተጠመደ መሆኑን በሐይቁ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አንሥተዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ከእኛው አገር ሊገኝ ይችላል። በመንዝ የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት መብቱ ያላቸው ያጭዳሉ፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ሣሩ ለማንም ክፍት ሆነ፣ ጉዳቱም በዓይን ታየ። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብታቸውን በራሳቸው ሕግ ማስተዳደር እንደሚችሉ በማሳየቷ ነበር፤ የመንዝ ገበሬዎች ያንን ለዘመናት ሲኖሩት ኖረዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን እንደማይበለጽግ በአማርኛ ተንትነዋል። ጉድለቱ ያለው እነዚህን በኮርሱ ውስጥ በቂ ቦታ ባለመስጠት ላይ ነው፤ ሊወቀስ የሚገባውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ተረት ኢኮኖሚክስ የአስተያየት ጉዳይ ነው፣ ሁለት ባለሙያ ሦስት ሐሳብ ይይዛል የሚለው ነው። ሐዋሳ ለዚህ የቅርብ መፈተኛ አላት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን ቀጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ገደማ ብሎ መዝግቦታል፤ ሥራ የሚለቁት ቁጥርም እጅግ ብዙ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ስትታገድ ፓርኩ ትልቁን ደንበኛውን ፒቪኤችን አጥቶ ነበር። ከተማው ውስጥ ክርክሩ በሁለት ጎራ ይካሄዳል፤ አንዱ «ፓርኩ ለልጆቻችን እንጀራ ሆነ» ሲል ሌላው «ጉልበታቸውን በዘበዘ» ይላል። ሁለቱም የሚመለከቱት የገቡትን ልጆች ነው፤ እነዚያው ልጆች ባይገቡ ኖሮ የት ይሆኑ እንደነበር የጠየቀ የለም።

ያን መሰል ጥያቄ ያነሡት ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርከን ናቸው። በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው፦ አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ሥልጠና፣ ሦስተኛው ምንም። ዕጣው ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። ወደ ፋብሪካ የሚገቡት ከሌሎቹ ይበልጥ የቸገራቸው ወይም ይበልጥ ብርቱ ከሆኑ፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት የሥራው ይሁን የሰዎቹ መለየት አይቻልም፤ ዕጣው ይህን ጥርጣሬ ያጠፋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ፋብሪካ ከገቡት ሦስት አራተኛ ያህሉ ለቀው ነበር፤ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው አልበለጠም፣ ከባድ የጤና ችግር ያለባቸው ድርሻ ግን በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢ በሲሶ አድጎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁ ደግሞ ልዩነቶቹ አብዛኛውን ጠፍተዋል፤ ሦስቱም ቡድኖች ተመሳሳይ ኑሮ ላይ ተገናኝተዋል። ይህ ውጤት ለሁለቱም ጎራ አይመችም፤ የእርዳታ ገንዘብን ተአምር ለሚያደርጉትም አይመችም። ተማሪ በኮምፒዩተር ክፍል ስታታ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከፍቶ በሰንጠረዡ ላይ ኮኤፊሸንትና ስታንዳርድ ኤረር የሚባሉትን ዓምዶች ማንበብ ሲለምድ የሚማረው ይኸንን ነው፦ ልዩነቱ ስንት ነው፣ ምን ያህልስ እንመነው።

«ብርን ማን ተነበየ?» የሚል ተቃውሞ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ቀኑን አስቀድሞ የነገረን ኢኮኖሚስት አልነበረም። ቀን መተንበይ ግን ትምህርቱ ቃል የገባው ነገር አይደለም። በባንኩና በትይዩ ገበያው መካከል ያለው ክፍተት ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት ይችል ነበር፣ አስረድቷልም። ቡና ላኪው ከዶላሩ ከፊሉን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ሲገደድ፣ ቡናውን በኪሳራ ሽጦ በእጁ በሚቀረው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ ኪሳራውን ማካካስ ያዋጣዋል። የሲዳማ ቡና በአገር ውስጥ ገበያ ከውጭው ዋጋ በላይ ሲገዛ የተገረመ ሰው መልሱ እዚህ ውስጥ አለለት።

«ሽምደዳ ነው» የሚለው ክስ ግን ሙሉ ለሙሉ ተረት አይደለም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ለተማሪው አይበጅም። ክፍሉ ሲጨናነቅ፣ መጽሐፉ ሳይደርስ ሃንድአውት ብቻ ሲዞር፣ ሚድና ፋይናሉ ካለፈው ዓመት ጥያቄ ሲቀዳ፣ የዴሪቬቲቩን አሠራር በቃል ይዞ ማለፍ ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በምርጫ ጥያቄ የሚመዝን፣ ማለፊያውም 50 በመቶ የሆነ ፈተና ነው። ፈተናው ዲግሪውን ከባዶ ወረቀትነት ለማዳን ማሰቡ መልካም ነው። በእኔ እምነት ግን ተማሪው በመጨረሻው ዓመት የሚጽፈው ሲኒየር ኤሴይ ከማንኛውም ምርጫ ጥያቄ ይበልጣል፤ ራሱ መጠይቅ ይዞ አሮጌ ገበያ ወርዶ፣ ነጋዴ አነጋግሮ፣ ቁጥሩን ራሱ አስገብቶ ከሠራው ማለት ነው። ከሌላ ሰው ጥናት ርዕስ ቀይሮ የገለበጠ ተማሪ አራት ዓመቱን የከፈለበትን ነገር ሳይቀምስ ነው የሚወጣው፤ በዚህ ላይ የመምህራኑም ቸልተኝነት ድርሻ አለው።

ሥራን በተመለከተ ወላጆች የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። የሚመረቀው ብዙ፣ የሚቀጥረው ጥቂት ነው። ባንክ፣ የፕላንና የፋይናንስ ቢሮዎች፣ ገቢዎች፣ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና የተራድኦ ድርጅቶች የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ይቀጥራሉ፤ ቦታው ግን ለሁሉም አይበቃም። ባንክ መስኮት ላይ ገንዘብ ለመቁጠር ከአካውንቲንግ ምሩቅ ጋር የሚወዳደር ኢኮኖሚስት ቢሸነፍ አይገርምም፤ የተማረው ለዚያ አይደለምና። የሚያሸንፈው አንድ ብድር ካልተሰጣቸው ይልቅ የተሰጣቸውን በእርግጥ ጠቅሞ እንደሆነ፣ የማዳበሪያ ድጎማው ምርት ጨምሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ቢሮ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሲያስታውቁ መረጃ ሰብስቦ፣ አጽድቶና ተንትኖ በሁለት ገጽ የሚያስረዳ ሰው ፈልገው ነው፤ ከመቶው ምሩቅ ይህን የሚችሉት ስንቶቹ እንደሆኑ መምህራኑ ያውቁታል።